ለክብ ቤት የሚሆን ገመድ

(በወላይታ ሶዶ፣ ዳሞታ ተራራ በሚታይበት ግቢ፣ እንሰቱ ጥግ። ሽማግሌው ዕድሜያቸውን በግንባታ ሥራ ያሳለፉ ናቸው፤ ወጣቱ የቤት ግምት ሥራ ገና መጀመሩ ነው።)

ወጣቱ፦ ጋሼ፣ የብሎኬት ቤት አያስቸግረኝም፤ ርዝመቱን በወርዱ አባዛለሁ። የሳር ክዳን ክብ ቤት ሲገጥመኝ ግን በዐይኔ ገምቼ ባልፍ ምን አለበት?

ሽማግሌው፦ ልጄ፣ ደንብ የሚያስፈልገው እኮ እዚያ ላይ ነው። አራት ማዕዘኑን ቤትማ ማንም ቢለካው ያው ቁጥር ይወጣል። ልኬቱ ለምን ይህን ያህል ያሳስባል ብትል፣ የወላይታው ንጉሥ ካዎ ጦና በ1887 ዓ.ም. ተሸንፈው፣ መሬት በጋሻና በቀላድ የሚለካበት ዘመን አልፎ፣ በ1967 መሬት የመንግሥት ከሆነ ወዲህ የወላይታ ሰው መሬቱን መሸጥ አይችልም። ንብረቴ የሚለው በላዩ የሠራውን ነው፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40ም ይህንን መብቱን ያውቅለታል። ቤቱ ለልማት ሲፈርስ ደግሞ ደንብ ቁጥር 135/1999 የካሳውን መነሻ ያደረገው ተመሳሳይ ቤት ዛሬ ለመሥራት የሚጠይቀውን ዋጋ ነው፤ በካሬ ሜትር ወይም በነጠላ። በኋላ የመጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011ም የያዘው ይህንኑ የመተኪያ ወጪ ነው። እንግዲህ ካሬው ከተሳሳተ፣ የካሬው ዋጋ የቱንም ያህል ትክክል ቢሆን ባለቤቱ ተጎዳ ማለት ነው።

ወጣቱ፦ ታዲያ ክቡን በምን ልለካው?

ሽማግሌው፦ በገመድ። ክዳኑ ወደ መሬት ስለሚወርድ ገመዱን ከክዳኑ ሥር አስገብተህ ግድግዳውን በውጭ በኩል ታስታጥቀዋለህ። ገመዱን ዘርግተህ በሜትሮ ለካው፤ 22 ሜትር ወጣ እንበል። 22ን በራሱ አባዛና ለ12.57 አካፍል፤ 38.5 ካሬ ይሰጥሃል።

ወጣቱ፦ ከበሩ እስከ መሀል ምሰሶው ለክቼ ብጨርሰውስ? አይቀልም?

ሽማግሌው፦ የእናቴን ቤት የለካው ባለሙያ ያደረገው ይህንኑ ነው! የእሷም ቤት ዙሪያው 22 ሜትር ነበር። ለመንገድ ሊፈርስ ነበር፤ ስንት ዓመት አለፈው፣ እኔ ግን ዛሬም ያንገበግበኛል። የሜትሮውን ጫፍ እኔ ነበርኩ የያዝኩት። ከግድግዳው ውስጠኛ ፊት እስከ ምሰሶው ቆዳ ዘረጋና 3.15 ብሎ ጻፈ። ምሰሶው ግን ውፍረቱ 30 ሳንቲ ሜትር ነው፤ የክቡ መሀል ያለው እንጨቱ ልብ ውስጥ እንጂ ቆዳው ላይ አይደለም። በዚያ ብቻ ወደ 3 ካሬ ጠፋ። ግድግዳው ራሱ 20 ሳንቲ ሜትር ነበር፤ እሱን በመተዉ ከ4 ካሬ በላይ ሄደ። ከዚያ እዚያው ቤት ውስጥ ወዳለው የከብቶች ጋጣ ብቅ አለ፤ ጨለማ ነው፣ እበት አለ፤ አልገባም። «ይህ መኖሪያ አይደለም» ብሎ ከደረሰበት ላይ ሲሶውን ቀነሰ። 10 ካሬ! እናቴ ደጃፉ ላይ ቆማ «ክዳኑስ አንድ አይደለም እንዴ?» አለችው። አልመለሰላትም። ወረቀቱ ላይ 21 ካሬ ሰፈረ። ሳሩ፣ ማገሩ፣ ጉልበቱ ለ38.5 ወጥቶ ካሳው ለ21 ተከፈለ። እናቴ ያንን ቤት መልሳ አልሠራችውም።

ጋጣው ከሳሎን እኩል ነው አላልኩም። ለብቻው ይጻፍ፣ ግን አይጣል። ባሕር ማዶም እንዲሁ ነው። አሜሪካኖች አንሲ ዜድ 765 የሚሉት የቤት አለካክ ደረጃ አላቸው፤ ለብቻው የቆመን ቤት በውጭ ግድግዳው ይለካል፣ ከመሬት በታች ያለውን ክፍል ከላይኛው ጋር ሳይደምር ለብቻው ያስጽፋል፣ በተዳፋት ጣሪያ ሥር ቁመቱ ወደ 1.5 ሜትር የማይደርሰውን ወለል አይቆጥርም። ፋኒ ሜይ የተባለው የቤት ብድር ድርጅታቸው በ2022 እ.ኤ.አ. ለሚገዛቸው ብድሮች ቤት የሚገምቱ ገማቾች በዚህ እንዲሠሩ አስገድዷል። ያስገደደው አንዱን ቤት ሁለት ሰው ለክቶት ሁለት ቁጥር እንዳይወጣ ነው። የእናቴን ቤት በክዳኑ ጠርዝ ብትለካው ኖሮ ደግሞ 50 ካሬ ይሆንልህ ነበር። አንድ ቤት 21፣ 38.5፣ 50!

ወጣቱ፦ ክብ ቤት ግን እየጠፋ ነው እኮ፣ ጋሼ።

ሽማግሌው፦ አስቸጋሪ ቤት አይጠፋም። ሶዶ በ2015 የተመሠረተው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የአስተዳደር መቀመጫ ናት፤ ሰው ይመጣል፣ ቤት ይቀጠላል። ሰርቪስ በሰርቪስ ላይ የተለጠፈበት ጭቃ ቤት ታገኛለህ፤ በየአራት ማዕዘኑ ከፋፍለህ ለካ። ግድግዳው የተንጋደደ ከሆነ ከጥግ እስከ ጥግ ሰያፉንም ያዝና በሦስት ማዕዘን አስላው። ተዳፋት ላይ የተሠራ ከሆነ ምድር ቤቱን ለይተህ ጻፍ። ንድፉን ሣል፤ ውጭውን ይሁን ውስጡን እንደለካህ ከሥሩ አስፍር። ባለቤቱ ቅር ካለው ሌላ ሰው በዚያው ንድፍ ይለካለታል።

ወጣቱ፦ ነገ ሁለት ክብ ቤት አለብኝ። ምን ልያዝ?

ሽማግሌው፦ ሠላሳ ሜትር የማይለጠጥ ገመድና ባትሪ። ጋጣው ውስጥም ግባ።

ወጣቱ፦ እበቱስ?

ሽማግሌው፦ ጫማ ይታጠባል።