ከላሜራ ልማድ ወደ ፕላስቲክ ጠባይ፦ በአትላስ አካባቢ አየር የጠንካራ ፕላስቲክ ሞዴል መኪና አካል አዘገጃጀትና የቀለም ርጭት

አኅጽሮተ ጥናት

ቀለም ከፕላስቲክ ገጽ ላይ ሲላጥ ወይም ፕላስቲኩ ራሱ ሲሰነጠቅ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ በቀለሙ ጥራት ይሳበባል። ይህ አጭር ጽሑፍ በሬዲዮ የሚታዘዝ የጭነት መኪና ሞዴል አካልን እንደ ማሳያ በመውሰድ፣ አንዱ ዋነኛ ምክንያት ለብረት የተለመደው አዘገጃጀት ሳይለወጥ ወደ ፕላስቲክ መዛወሩ እንደሆነ ያስረዳል። የአዲስ አበባ ከፍታና የክረምት እርጥበት በአሟሚ ትነት ላይ የሚያሳድሩትን ተጽዕኖም ይመረምራል።

ቁልፍ ቃላት፦ ኤቢኤስ፣ አሟሚ፣ ትነት፣ የገጽ ኃይል፣ ቁርኝት

1. መግቢያ

የዚህ ጽሑፍ መነሻ በቦሌ ክፍለ ከተማ፣ አትላስ አካባቢ የተበላሸ አንድ የሞዴል አካል ነው። አካሉ ከመቀባቱ በፊት ቅባቱ እንዲለቅ በቲነር ተጠረገ፤ ብዙም ሳይቆይ በብሎን ቀዳዳዎቹና በማዕዘኖቹ ዙሪያ ጥቃቅን ስንጥቆች ታዩ። ላሜራን በቲነር መጥረግ በጋራዥ የተለመደና ለብረቱ ጉዳት የሌለው ሥራ ነው። ፕላስቲክን ግን እስከ መጨረሻው ሊያበላሸው ይችላል። ተተኪ አካል ከውጭ አገር ካልመጣ በማይገኝበት ሁኔታ ደግሞ ኪሳራው ቀላል አይደለም።

የሞዴል መኪና አካላት በአብዛኛው ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ስስና ብርሃን አስተላላፊ ከሆነ ፖሊካርቦኔት የሚሠራና ከውስጥ በኩል የሚቀባ ነው። ሁለተኛው ከኤቢኤስ የሚሠራ ጠንካራና ከውጭ የሚቀባ ሲሆን፣ የጃፓኑ ታሚያ እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጣው የቶዮታ ሂሉክስ ሞዴል የዚህ ዓይነት አካል ነበረው። ኩባንያው ለሁለቱ ፕላስቲኮች የተለያየ የርጭት ቀለም ማዘጋጀቱ የቁሱ ጠባይ ቀድሞ መታወቅ እንዳለበት ያመለክታል። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ሁለተኛውን ብቻ ነው።

2. የቁሱ ጠባይ

ኤቢኤስ ከአክሪሎናይትራይል፣ ከቡታዳይንና ከስታይሪን የተገነባ ነው። በቲነር ውስጥ የሚገኙት እንደ ቶሉይንና አሴቶን ያሉ አሟሚዎች ይህን ፕላስቲክ ያብጡታል፣ ያሟሙታልም። በፎርማ ሲቀረጽ በውስጡ የቀረ ውጥረት ባለበት ቦታ፣ በተለይም በማዕዘንና በቀዳዳ ዙሪያ፣ አሟሚው ስንጥቅ ይከፍታል።

ይሁንና አሟሚ ጠላት ብቻ አይደለም። ለኤቢኤስ የተዘጋጀ ቀለም የሚይዘው አሟሚው የፕላስቲኩን የላይኛውን ገጽ በጥቂቱ አለስልሶ ቀለሙን ስለሚያዋሕደው ነው። ልዩነቱ በመጠንና በጊዜ ላይ ነው፤ ጥቂቱ ያጣብቃል፣ ብዙው ያፈርሳል። ብዙ የመኪና ፓራውርቶች የሚሠሩበት ፖሊፕሮፒሊን በአንጻሩ የገጽ ኃይሉ ዝቅተኛ ስለሆነ (ወደ 30 ሚሊኒውተን በሜትር፤ የኤቢኤስ ወደ 40 ይጠጋል) ልዩ አያያዥ ፕራይመር ይፈልጋል። ስለዚህ «ፕላስቲክ» የሚለው የወል ስም ብቻውን ለቀቢው መመሪያ አይሆንም።

3. የገጽ ዝግጅት

አካሉ በመጀመሪያ ለብ ባለ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ይታጠባል፤ ይህም ከፎርማ ማላቀቂያ የቀረውን ቅባት ያስወግዳል። ቀጥሎ በ400 ከዚያም በ600 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት በውሃ እየታሸ ማንጸባረቁ እስኪጠፋ ይለሰልሳል። በውሃ ማሸት አቧራን ይቀንሳል፤ ፕላስቲኩ በፍትጊያ እንዳይሞቅም ይረዳል። ከታጠበ በኋላ ውሃ ሲፈስበት ከሌላው ቦታ ተለይቶ ውሃው የሚሸሸው ክፍል ቅባት እንደቀረው ይታወቃል። የመጨረሻው ጠረጋ በአይሶፕሮፒል አልኮል፣ ሳይነከርና ሳይዘገይ ይከናወናል። ከዚያ በኋላ ገጹን በባዶ እጅ መንካት አይገባም።

4. ርጭትና የአካባቢው አየር

ለአትላስ ቅርብ የሆነው የቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ 2,334 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ ወደ 76 ኪሎፓስካል ሲሆን፣ ይህ በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። የተን ሥርጭት ከግፊት ጋር በተገላቢጦሽ ስለሚሄድ፣ ሙቀቱ እኩል ቢሆን አሟሚ በአየር ውስጥ የሚሠራጭበት ፍጥነት በስሌት 1.3 እጥፍ ይደርሳል። የከተማዋ ቀዝቃዛ አየር ትነቱን በከፊል ይገታዋል፤ በደረቁ የበጋ ቀን ግን ጠብታው ገጹን ሳይነካ በከፊል ሊደርቅ ይችላል። ውጤቱ ሻካራና በቀላሉ የሚላጥ ቀለም ነው። ይህን ያየ ቀቢ አቅርቦና አወፍሮ ቢረጭ ደግሞ በክፍል 2 ወደተገለጸው የአሟሚ ብዛት ይመለሳል።

በክረምት ችግሩ መልኩን ይለውጣል። አሟሚው ሲተን ገጹን ያቀዘቅዘዋል፤ ሙቀቱ ከጤዛ ነጥብ በታች ከወረደ የአየሩ እርጥበት በቀለሙ ላይ ጤዛ ሆኖ ነጭ ጭጋግ ይተዋል። በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ያላረገዘ ረፋድ መምረጥ፣ ወይም በኮምፕሬሰር ለሚረጭ ቀለም ዘግይቶ የሚተን ቲነር መጠቀም ይመከራል።

በሁለቱም ወቅት ከ20 እስከ 25 ሳንቲሜትር ርቀት፣ በየመካከሉ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ እየጠበቁ ሦስት ወይም አራት ስስ ንብብሮችን መርጨት አማካዩ መንገድ ነው። ቀለሙን በከሰል እሳት አጠገብ ማድረቅ ፈጽሞ አይገባም፤ ተኑ ተቀጣጣይ ነው። ተራ የአቧራ ጭንብልም ተንን አያግድም። ማጠንከሪያ የሚቀላቀልበት አንጸባራቂ ልባስ አይሶሳያኔት ሊኖረው ስለሚችልና ይህም የመተንፈሻ አካልን ስለሚጎዳ፣ በመኖሪያ ቤት ባይረጭ ይመረጣል።

5. ፍተሻ

ከዋናው አካል በፊት በትራፊ ቁራጭ ላይ መሞከር ያስፈልጋል። በአይኤስኦ 2409 መሠረት፣ በሚገባ በደረቀ ቀለም ላይ ስድስት በስድስት መስመሮች ተቆርጠው 25 ካሬዎች ይፈጠራሉ፤ ተለጣፊ ፕላስተር ተለጥፎ ይነሣል። ምንም ካልተላጠ ውጤቱ 0፣ እስከ 5 በመቶ ከተላጠ 1 ነው፤ እጅግ ደካማው 5 ይሰጠዋል።

6. መደምደሚያ

በኤቢኤስ ላይ የቀለም ጽናት በአብዛኛው የሚወሰነው ቀለሙ ከመረጨቱ በፊት ነው። ከጋራዥ የሚወረሰው ክህሎት ዋጋው ትልቅ ቢሆንም፣ ቁሱ ሲለወጥ አሟሚው፣ በከፍታና በወቅትም የርጭቱ አኳኋን አብሮ መለወጥ ይኖርበታል። በትራፊ ቁራጭ ላይ የሚጠፋው አንድ ቀን ሙሉውን አካል ያተርፋል።