በስፖርት መኪና ከዲሲ እስከ ሎስ አንጀለስ፦ ከመነሣትዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር በመኪና ማቋረጥ በዲሲና በአካባቢው ያለ ብዙ ሐበሻ ሲያወራው የከረመ ሐሳብ ነው። ቀኑን ሙሉ ሰው ሲያመላልስ የሚውል የኡበር ሹፌር እንኳ ዕረፍቱን መሪ ይዞ ማሳለፍ ያምረዋል፤ ለራስ መንዳት ሌላ ነው። ሐሳቡ ላይ ስፖርት መኪና ሲጨመርበት ወሬው ወዲያው ወደ ፈረስ ጉልበት ይዞራል። እኔ ግን በዚህ ጉዞ ከሁሉ ያነሰ ሥራ ያለው የሞተሩ ጉልበት ነው ባይ ነኝ። የሚያምሩት መንገዶች ቀስ ተብሎ የሚነዱ ናቸው፤ በፍጥነት የሚነዱት ደግሞ ቀጥ ያሉ፣ ዓይን የሚይዝ ነገር የሌለባቸው። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ሊያጣሩ የሚገባዎት ሌላ ነገር ነው።

መንገዱን ከመኪናው ያስቀድሙ

ከዲሲ ሎስ አንጀለስ በአጭሩ ሃይዌይ 2,700 ማይል ገደማ ነው፤ 40 ሰዓት ያህል ሳያርፉ መንዳት። ውብ መንገድ እየፈለጉ ከሄዱ 3,500 ማይል ይሆናል ብለው ያስቡ። ሁለት ሳምንት ከሌለዎት አይጀምሩት።

ከዲሲ ወጥተው ከአንድ ሰዓት ትንሽ አለፍ ሲል ፍሮንት ሮያል ይደርሳሉ፤ የስካይላይን ድራይቭ መግቢያ እዚያ ነው። በሼናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የተራራውን ጫፍ ይዞ 105 ማይል ይሄዳል፤ የፍጥነት ወሰኑ በሰዓት 35 ማይል ነው። እሱ ሲያልቅ የሚቀጥለው ብሉ ሪጅ ፓርክዌይ 469 ማይል ርዝመት ሲኖረው እዚያም ከ45 ማይል በላይ አይፈቀድም። ሁለቱን ዳር እስከ ዳር ልንዳ ካሉ ለፎቶ እንኳ ሳይቆሙ ከ13 ሰዓት በላይ ይፈጅብዎታል፤ ያን ሁሉ ነድተው ደግሞ ገና ኖርዝ ካሮላይና ነዎት። በሴፕቴምበር 2024 የደረሰው ሄሊን የተባለው አውሎ ነፋስ የካሮላይናውን ክፍል ክፉኛ ስለጎዳው፣ የትኛው ክፍል ክፍት እንደሆነ በተነሡበት ሳምንት ከፓርክዌዩ ድረ ገጽ ያረጋግጡ።

ወደ ፈረስ ጉልበቱ ስንመለስ፣ በ1903 ሆራሺዮ ኔልሰን ጃክሰን የተባለ ሐኪም በ50 ዶላር ውርርድ ተነሥቶ ከሳን ፍራንሲስኮ ኒው ዮርክ በ63 ቀን ገብቷል፤ መኪና ነድቶ አገሩን ያቋረጠ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። የነዳት ዊንተን የተባለች መኪና 20 የፈረስ ጉልበት ነበራት። የዛሬው ማስታንግ ጂቲ 480 አለው። በስካይላይን ላይ በ35 ማይል ሲያዘግሙ ታዲያ ትርፉ 460 ፈረስ ኮፈን ሥር ተኝቶ ነው የሚጓዘው።

መኪናው ዋጋውን የሚያወጣው በመሪውና በፍሬኑ ነው። በኖርዝ ካሮላይናና በቴነሲ ድንበር ላይ ዩኤስ 129 በ11 ማይል ውስጥ 318 ጊዜ ይታጠፋል፤ ነጂዎቹ «የዘንዶው ጅራት» የሚል ስም አውጥተውለታል። ቅዳሜና እሑድ ግን ቢጫውን መስመር አቋርጠው የሚመጡ ሞተር ሳይክሎች ስለሚበዙ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ጠዋት ቢሄዱበት ይሻላል።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ሳልደብቅ ልንገርዎ፤ ከናሽቪል እስከ አማሪሎ፣ ቴክሳስ ከ900 ማይል በላይ በአይ 40 ላይ ቀጥ ብሎ መሄድ ነው። ስፖርት መኪና ደረቅ ነው፤ የጎማው ድምፅ ሙዚቃውን ይውጠዋል፣ ወንበሩ ወገብ ይይዛል። ጊዜ ለሌለው ሰው ምክሬ ዴንቨር ድረስ በአውሮፕላን ሄዶ፣ እዚያ ተከራይቶ፣ ኮሎራዶንና ዩታን ብቻ በደንብ መንዳት ነው። «አገር አቋረጥኩ» ማለት ይቀርብዎታል፤ ከመንገዱ የሚቀርብዎት ግን ትንሽ ነው።

ኮሎራዶ ውስጥ ከዱራንጎ ወደ ዩሬይ የሚወስደው ዩኤስ 550 ለብቻው ሊታሰብበት ይገባል። ከሲልቨርተን በኋላ ያለው 25 ማይል ያህል «የሚሊዮን ዶላር መንገድ» ይባላል። ሬድ ማውንቴን የተባለው ማለፊያው 11,018 ጫማ፣ ማለትም 3,358 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ ከአዲስ አበባ አንድ ሺህ ሜትር ይበልጣል። በገደሉ በኩል ብዙው ቦታ መከላከያ ብረት የለውም፤ በክረምት በረዶ ጠራጊው ማሽን በረዶውን ወደ ገደሉ የሚገፋው በዚያ ነው። ሊማሊሞን የወረደ ሰው ላይደነግጥ ይችላል፤ የሚደነግጥ ካለ ግን መፍትሔው አቅጣጫ ነው። ከሲልቨርተን ወደ ዩሬይ፣ ማለትም ከደቡብ ወደ ሰሜን ሲነዱ መስመርዎ ተራራውን ታክኮ ይሄዳል። ከዩሬይ ሲመጡ ግን በስተቀኝ ያለው ገደሉ ነው፤ በዝቅተኛ መኪና ደግሞ አጠገብዎ የተቀመጠው ሰው ከመስኮቱ ሥር አስፋልት ሳይሆን ሸለቆ ነው የሚያየው። ቁልቁለቱን ማርሽ ቀንሰው ይውረዱ፤ አውቶማቲክ ቢሆንም በእጅ መቀነሻ አለው። ፍሬን ረግጦ መውረድ ፍሬኑን ያግለዋል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ ሲፈልጉት አይዝም።

እዚህ ከፍታ ላይ ኃይሉ ቢቀንስ ተበላሸ ብለው አይሥጉ። ተርቦ የሌለው ሞተር በየሺህ ጫማው 3 በመቶ ያህል ጉልበት ስለሚያጣ በዚያ ማለፊያ ላይ ሲሶው ገደማ ይሄዳል። ተርቦ ያለው የሚያጣው ያንሳል።

ጎማና ፒስታ

ኮርቬትም ሆነ ማዝዳ ሚያታ ትርፍ ጎማ የላቸውም። ኮርቬት አየር ሳይኖረውም ትንሽ መንገድ በሚሄድ ጎማ ይመጣል፤ ሚያታ ቀዳዳ የሚደፍን ፈሳሽና ትንሽ ፓምፕ ይዛ። ፈሳሹ ሚስማር የወጋውን ቀዳዳ ይደፍናል፤ ጎኑ ከተቀደደ ግን ምንም አያደርግም። ዩታ በረሃ ላይ ያለ ጎሚስታ የእርስዎ መጠን ጎማ ላይኖረው ይችላል፤ ሰፋፊ የስፖርት ጎማዎች ታዝዘው ነው የሚመጡት። ስለዚህ ከመነሣትዎ በፊት አራቱንም ጎማ ያስመርምሩ፤ ግማሽ ያለቀ ከሆነ አዲስ ያስገጥሙ። ከራስዎ ኪስ ገንዘብ የሚወጣ ከሆነ እዚህ ላይ ይውጣ።

የሚያሳስበው ሌላው ነገር የጎማው ዓይነት ነው። ብዙ ስፖርት መኪና የሚወጣው በበጋ ጎማ ነው፤ ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲወርድ ላስቲኩ ይደርቅና መንገድ መያዝ ይተዋል። ኮሎራዶ ደግሞ ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 በአይ 70 ላይ ከሞሪሰን እስከ ዶትሴሮ ለሚያልፍ መኪና ለበረዶ የሚሆን ጎማንና ሰንሰለትን የሚመለከት ግዴታ ጥሏል። በዝቅተኛ መኪና ላይ ሰንሰለት ለማሰር የጎማው ዙሪያ ብዙ ጊዜ አይበቃም፤ የመኪናዎን መመሪያ መጽሐፍ ያንብቡ። ከበጋው ጎማ ይልቅ ዓመቱን ሙሉ በሚያገለግል ጎማ መሄድ ይሻላል።

ስልክዎ በሚመራዎት መንገድ ሁሉ አይመኑ። በዩታ ሃይዌይ 261 ሲሄዱ አስፋልቱ ድንገት ያበቃና ሞኪ ደግዌይ የሚባል 3 ማይል ያህል ጠመዝማዛ ፒስታ ይጀምራል። በሞኑመንት ቫሊ ውስጥ ያለው የ17 ማይል ዙርም አስፋልት የለውም። ሁለቱም ያምራሉ፤ ሁለቱም ከመሬት አራት ጣት ከፍ ላለ መኪና አይሆኑም። የኪራይ መኪና ከሆነ ደግሞ ውሉ ራሱ ከአስፋልት መውጣትን ይከለክላል። ሞኑመንት ቫሊን በአካባቢው የናቫሆ አስጎብኚዎች መኪና ይዩት።

ዕቃና አጋር

የሚያታ የኋላ ዕቃ ቦታ 130 ሊትር ገደማ ነው። ለአገር ቤት የምናስረው ዓይነት ትልቅ ሻንጣ አንዱም አይገባም። ማስታንግ ይሻላል፤ ሆኖም ጣሪያው የሚከፈተው ሞዴል አፉ ጠባብ ስለሆነ ደረቅ ሻንጣ ትተው በጨርቅ ቦርሳ ይሂዱ። ቦርሳውን ይዘው ወደ ሻጩ ወይም ወደ አከራዩ ይሂዱና እዚያው ያስገቡት። አያፍሩ። ወንበር ላይ የሚቀመጥ ዕቃ ከውጭ ስለሚታይ፣ ምሳ ሊበሉ በወረዱበት መስታወት ተሰብሮ ሊጠብቅዎት ይችላል።

ሁለት ወንበር ማለት ልጆች ቀሩ ማለት ነው፤ ከባለቤትዎ ጋር ይህ ውይይት ከጉዞው በፊት ይለቅ። በእጅ ማርሽ የሚሄድ መኪና ከመረጡ ሁለተኛው ሰው መንዳት ይችል እንደሆነ ይጠይቁ። አገር ቤት መንጃ ፈቃድ ያወጣን ፍሪሲዮን እናውቃለን፤ እዚህ ያደጉት ልጆቻችን ብዙዎቹ አያውቁም። የማያውቅ አጋር ይዘው 3,500 ማይል ብቻዎን ነው የሚነዱት።

ነዳጅ

በኮሎራዶ፣ በዩታና በኒው ሜክሲኮ ከፍታዎች «ሬጉላር» የሚለው ቁልፍ ብዙ ጊዜ 85 ኦክቴን ነው፤ ዲሲ የለመዱት 87 ነው። እጅዎ በልማድ ወደዚያ እንዳይሄድ። ስፖርት መኪና አብዛኛው ከ91 ጀምሮ ይፈልጋል፤ ምሥራቁ 93 ሲሸጥ ምዕራቡ በ91 ያቆማል። ብሉ ሪጅ ፓርክዌይ ላይ ማደያ የለም፤ ከመንገዱ ወጥተው ነው የሚቀዱት። በዩታ አይ 70 ላይ ከግሪን ሪቨር እስከ ሳላይና 100 ማይል ከፍ ያለ መንገድ ማደያም ሱቅም የለውም፤ ሞልተው ይግቡ።

ሕጉ

ቨርጂኒያ ውስጥ ከተፈቀደው በ20 ማይል መብለጥ፣ ወይም የትም ቦታ ከ85 ማይል በላይ መሄድ ተራ የትራፊክ ቅጣት አይደለም። በግዴለሽነት መንዳት ተብሎ በወንጀል ያስከስሳል፤ እስከ 12 ወር እስርና እስከ 2,500 ዶላር ሊያስቀጣ ይችላል። 65 በሚል መንገድ ላይ 86 መንዳት በስፖርት መኪና ሳይታወቅ የሚደረስበት ነው፤ ሞተሩ ገና አልነቃም። ለዜግነት የሚሞላው ቅጽ ስለ ክስና ስለ እስር ስለሚጠይቅ፣ ወረቀቱ ገና በሂደት ላይ ያለ ወንድም ወይም እኅት ይህን ከማንም በላይ ያስብበት። የራዳር ጠቋሚ መሣሪያም በቨርጂኒያና በዲሲ ክልክል ነው። ከአገር ቤት ዘመድ መጥቶ ተራ መንዳት ከፈለገ ከመንጃ ፈቃዱ ጋር ዓለም አቀፍ የመንጃ ፈቃድ ይዞ ይምጣ፤ በኪራይ ውሉና በኢንሹራንሱ ላይም ስሙ ይግባ።

ኪራይና ኢንሹራንስ

ለአከራዩ ሦስት ጥያቄ ያቅርቡ፤ መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ። በቀን ስንት ማይል ይፈቀዳል? ሌላ ከተማ ብመልሰው ስንት ይጨመራል? ሁለተኛው ነጂ ይከፈልበታል? ቅንጡ ስፖርት መኪና የሚያከራዩ ቤቶች ብዙውን ጊዜ በማይል ይወስናሉ፤ በየቀኑ 300 ማይል ለሚነዳ ሰው ትርፉ ማይል ከኪራዩ ሊበልጥ ይችላል። የክሬዲት ካርድዎ ሽፋንም ውድ መኪኖችን፣ ከግለሰብ የሚከራዩትንም ብዙ ጊዜ አይጨምርም። የራስዎ መኪና ከሆነ ኮምፕሪሄንሲቭ የሚባለው ሽፋን እንዳለዎት ይዩ፤ በረዶ ቢደበድበው ወይም አጋዘን ቢመቱ የሚከፍለው እሱ ነው እንጂ የግጭቱ ሽፋን አይደለም። አጋዘን ደግሞ ሲመሽና ሲነጋ መንገድ ይወጣል። ማታ አይንዱ፤ የመጡት ሊያዩ አይደል?

መቼ

ከኤፕሪል እስከ ጁን በኦክላሆማና በሰሜን ቴክሳስ የበረዶ ዝናብና የአውሎ ነፋስ ወቅት ነው፤ የጨርቅ ጣሪያ ላለው መኪና መጥፎ ጊዜ። ጁላይና ኦገስት በአሪዞናና በዩታ ከሰዓት በኋላ ድንገተኛ ዶፍ አለ፤ ላስ ቬጋስ አካባቢ ያለው ሙቀት ደግሞ ጣሪያ አያስከፍትም። የእኔ ምርጫ መስቀልን በሴፕቴምበር 27 ከቤተ ሰብ ጋር አክብሮ በማግስቱ መነሣት ነው። ሳይንቀራፈፉ ከሄዱ ኮሎራዶ ሲደርሱ የአስፐን ዛፎቹ ቅጠል ወርቅማ ነው። ከፍ ባሉት ማለፊያዎች ላይ በረዶ ሊጥል ስለሚችል አንድ ሁለት ቀን ትርፍ ይያዙ።

ሲጓዙ የሚበሉት

ናሽቪል፣ ላስ ቬጋስና ሎስ አንጀለስ የሐበሻ ምግብ አያጡም። ሎስ አንጀለስ ውስጥ በፌርፋክስ ጎዳና ያለው ሰፈር ከ2002 ጀምሮ በከተማው «ሊትል ኢትዮጵያ» ተብሎ ተሰይሟል። ከናሽቪል እስከ ላስ ቬጋስ ግን የለም ብለው ይውጡ፤ በተለይ ጾመኛ ከሆኑ። እንጀራ በጋለ መኪና ውስጥ በቀን በሁለት ቀን ይሻግታል። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና በሶ ግን ቦታ አይፈጁም፤ በሶውን በጠዋት በሆቴሉ ብርጭቆ መበጥበጥ ነው።

መመለሻው

ብዙ ሰው የሚረሳው ይኸን ነው፦ መኪናው የራስዎ ከሆነ ሎስ አንጀለስ ላይ 2,700 ማይል ይጠብቅዎታል። በመኪና ጫኝ ድርጅት አስጭነው በአውሮፕላን መመለስ ይችላሉ። ዋጋውን ከመነሣትዎ ሳምንታት በፊት ይጠይቁ፤ መኪናው ዝቅተኛ መሆኑንም ይንገሯቸው፤ የመጫኛው መወጣጫ የፊቱን ፕላስቲክ እንዳይጨርሰው። ሲያስረክቡ ነዳጁ ሩብ ያህል ብቻ ይሁን፤ ዕቃዎን አውጡ ይባላሉና አንድ ባዶ ቦርሳ አጣጥፈው ይያዙ። ከመጫኑ በፊትም በአራቱም በኩል ፎቶ ያንሡት።