ያገለገለ ጓጉንቸር እንዴት ይመረመራል?

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደውን አውራ ጎዳና ይዞ የሚጓዝ መንገደኛ የፎገራን ሜዳ አቋርጦ ወረታ ሲደርስ የሩዝ መፈልፈያ ወፍጮዎችንና የብረት በር ያላቸውን መጋዘኖች ማየቱ አይቀርም። ቀድሞ በየጓሮው ጎተራ ያድር የነበረው የገበሬው የዓመት ልፋት ዛሬ ከፊሉ በጆንያ ተሞልቶ፣ ከሌላ ሰው እህል ጋር ተደርድሮ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር ያድራል። ዘበኛው ካንቀላፋ በእህሉና በሌባው መካከል የሚቀረው በመቀርቀሪያው ላይ የተንጠለጠለው ጓጉንቸር ብቻ ነው።

ጥሩ ጓጉንቸር በአዲስነቱ ውድ ነው። ስለዚህም ብዙ ሰው ያገለገለውን ይፈልጋል፤ ከቁራሌ ጆንያ፣ በገበያ ቀን መሬት ላይ ከሚዘረጋ ብረታ ብረት፣ አዲስ አበባ የመሄድ አጋጣሚ ያገኘም ከመርካቶው ምን አለሽ ተራ። ከዝገቱ ክምር መካከል አንዳንዴ በከፍተኛ ጥንቃቄ የተሠራ ቁልፍ በጥራጊ ብረት ዋጋ ሊገኝ ይችላል። በሌላው ዓለም እንዲህ ያሉትን ቁልፎች በር ለመዝጋት ሳይሆን አሠራራቸውን ለማጥናት የሚሰበስቡ ሰዎች አሉ። ይሁን እንጂ ለሰብሳቢው ሲሳይ የሆነው ዕቃ ለባለ መጋዘኑ አደጋ ሊሆን እንደሚችል መረዳት ያስፈልጋል። ልዩነቱ ከየት እንደሚመጣ በዚህ ጽሑፍ ለመዳሰስ እንሞክራለን።

በቅድሚያ ስለ አጠራር። በአማርኛችን የሚዘጋውም የሚከፍተውም «ቁልፍ» ስለሚባል፣ ግራ እንዳያጋባን ተንጠልጣዩን ጓጉንቸር፣ የሚከፍተውን ደግሞ መክፈቻ እያልን እንቀጥላለን።

ውስጡ ምን አለ?

በአብዛኛው ጓጉንቸር ውስጥ የሚገኘው ባለ ፒን ሲሊንደር ነው። ሐሳቡ በጥንታዊት ግብፅ ከታወቀው የእንጨት ቁልፍ ጋር የሚዛመድ ሲሆን፣ ዛሬ በምናውቀው አነስተኛ መልኩ ያስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1861 የፈጠራ መብት ያስመዘገበው አሜሪካዊው ላይነስ ዬል ልጁ ነው። በሲሊንደሩ ውስጥ በሞላ የሚገፉ ጥንድ ጥንድ ፒኖች ይደረደራሉ። ትክክለኛው መክፈቻ ሲገባ ጥርሶቹ እያንዳንዱን ጥንድ በሚገባው ከፍታ ላይ ያቆሙታል፤ የሁሉም ጥንዶች መለያያ በአንድ መስመር ላይ ሲውል ሲሊንደሩ ይዞራል። አንዱ ፒን እንኳ ከመስመሩ ከወጣ አይዞርም።

እያንዳንዱ ፒን ስድስት ዓይነት ርዝመት ሊኖረው ይችላል ብንል፣ አምስት ፒን ያለው ጓጉንቸር 6×6×6×6×6 ማለትም 7,776 የተለያዩ መክፈቻዎች ይኖሩታል። ቁጥሩ ብዙ ይመስላል። ነገር ግን አሠራሩ ሻካራ ከሆነና ፒኖቹ በቀዳዳቸው ውስጥ የሚወላወሉ ከሆነ፣ በስሌቱ የሚለያዩ መክፈቻዎች በተግባር አንዱ የሌላውን ጓጉንቸር ሲከፍት ይገኛል። የቁልፍ ጥራት በመጀመሪያ ደረጃ የልኬት ጥራት ነው።

ይህን በታሪክ የሚያስረዳ አንድ ድንቅ ገጠመኝ አለ። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ብራማ እ.ኤ.አ. በ1784 የፈጠራ መብት ያገኘበትን የቁልፍ ዓይነት የያዘ አንድ ጓጉንቸር፣ ያለ መክፈቻው ለሚከፍት ሰው 200 ጊኒ ሽልማት እንደሚሰጥ ከሚገልጽ ጽሑፍ ጋር በለንደን ሱቁ መስኮት ላይ ተቀምጦ ነበር። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የደፈረው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1851 ለታላቁ ኤግዚቢሽን ለንደን የሄደው አሜሪካዊው አልፍሬድ ሆብስ ግን ከፈተው፤ ሥራው በ16 ቀናት ተከፋፍሎ ከ51 ሰዓት በላይ ፈጅቶበታል። ጋዜጦች «ተሸነፈ» አሉ። ለእኔ ግን ማንም ሌባ 51 ሰዓት በአንድ በር ላይ ሊቆም ስለማይችል ብራማ የተሸነፈ አይመስለኝም። ከፍተኛ ጥበቃ የሚሰጥ ቁልፍ የምንለው ፈጽሞ የማይከፈተውን ሳይሆን ሌባው ከሚኖረው ጊዜ በላይ የሚያቆየውን ነው።

ሞላ የሌለው ጓጉንቸር

የገንዘብ መመዝገቢያ ማሽን ይጠግን የነበረው ፊንላንዳዊው ኤሚል ሄንሪክሶን እ.ኤ.አ. በ1907 ከፒን የተለየ መንገድ ፈለሰፈ፤ በኋላ አብሎይ በሚል ስም የታወቀው ነው። በውስጡ እንደ ሳንቲም የተደረደሩ ዲስኮች ሲኖሩ እያንዳንዱ ጠርዙ ላይ አንዲት ጎድጓዳ ቦታ አለችው። መክፈቻው ሲዞር እያንዳንዱን ዲስክ በተወሰነለት ማዕዘን ያዞረዋል፤ ጎድጓዳዎቹ ሁሉ ሲገጣጠሙ ከጎን ያለው ዘንግ ይገባባቸውና ጓጉንቸሩ ይለቅቃል። ዘጠኝ ዲስኮች ስድስት ስድስት ማዕዘን ቢኖራቸው ስሌቱ 10,077,696 ይደርሳል።

ለፎገራ ሰው ከዚህ ቁጥር ይልቅ የሚጠቅመው ሌላ ነገር ነው፤ ዲስኮቹን የሚገፋ ሞላ የለም። በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ ባለበት አገር በመጀመሪያ የሚያስቸግረው ያ ቀጭን ሞላ ነውና። በገበያ ላይ ጥርሱ እንደ መጋዝ ሳይሆን ግማሽ ክብ በሆነ ዘንግ ላይ በተለያየ ማዕዘን የተቆረጠ መክፈቻ ያለው ጓጉንቸር ያየ ሰው ቆም ብሎ ቢመረምረው ይበጀዋል። ጥርሶቹ ቀጥ ብለው ሳይሆን ግራና ቀኝ አዘንብለው የተቆረጡበት መክፈቻም እንዲሁ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1968 የተመሠረተው የአሜሪካው ሜዴኮ ያስተዋወቀው ይህ አሠራር ፒኖቹ ከፍ ማለት ብቻ ሳይሆን መዞርም እንዲኖርባቸው ያደርጋል።

ሚዛን፣ ሞረድና ማግኔት

ብዙ ገዢ ጓጉንቸርን በእጁ አመዛዝኖ «ከባድ ነው፣ ጥሩ ነው» ይላል። ክብደት ግን ያታልላል። ርካሽ ጓጉንቸር ብዙ ጊዜ ከዚንክ ቅይጥ ተቀልጦ ይፈስስና በላዩ ናስ ይቀባል። የናስ እፍጋት በሜትር ኩብ ሳይሆን በለመድነው መለኪያ 8.5 ግራም በሴንቲ ሜትር ኩብ ገደማ፣ የዚንክ ቅይጡ ደግሞ 6.7 ገደማ ነው። በአየር 340 ግራም የሚመዝን የናስ አካል በክር ታስሮ ውኃ ውስጥ ሲጠልቅ 40 ግራም ያህል ይቀንሳል፤ የዚንኩ ግን 51 ግራም ያህል። (በመክፈቻው ቀዳዳ የተያዘው አየር በደንብ መውጣት አለበት፤ የብረት ክፍሎቹም ውጤቱን ትንሽ ያዛባሉ።) ተማሪዎች በቤተ ሙከራ ቢሞክሩት የአርኪሜድስን ሕግ ከመጽሐፍ በተሻለ ያስታውሱታል። ገበያ ላይ ባልዲ ይዞ መዞር ስለማይቻል ግን የተጫረ ቦታ ፈልጎ ማየት ይበቃል፤ ናስ ከሆነ ጭረቱ እስከ ውስጥ ቢጫ ነው፣ ዚንክ ከሆነ ግራጫ ይወጣዋል።

ጎባጣው ቀለበት ደግሞ ከጠነከረ አረብ ብረት መሠራት አለበት። ቦሮን የተባለው ንጥረ ነገር በብረቱ ውስጥ ከመቶ ጥቂት ሺኛ እጅ ብቻ ሲገባ፣ ብረቱ ግሎ በፍጥነት ሲቀዘቅዝ እስከ ውስጡ እንዲጠነክር ይረዳል። ማግኔት ብረትን ከናስ ይለይልናል እንጂ ጠንካራውን ከለስላሳው አይለይም። ለዚያ ሞረድ ያስፈልጋል፤ አዲስ ሞረድ በጠንካራው ላይ ሲንሸራተት ለስላሳውን ይነክሳል። ሻጩን ሳያስፈቅዱ መሞረድ ግን ጠብ ያመጣል። በአውሮፓ ደረጃ የተፈተነ ከሆነ ከ1 እስከ 6 የሚደርስ የጥበቃ ደረጃ ይሰጠዋል፤ 6 ከፍተኛው ነው።

ውኃ የነካው

የርብና የጉማራ ወንዞች በክረምት ሜዳውን እንደሚያጥለቀልቁ የአካባቢው ሰው ያውቃል፤ የ1998 ዓ.ም. ክረምት ጎርፍ ከብርቱዎቹ አንዱ ነበር። ናስና ብረት በእርጥበት ውስጥ ተነካክተው ሲቆዩ እንደ ትንሽ ባትሪ ይሆናሉ፤ በዚህ ጊዜ የሚበላው ብረቱ ነው። ዝገትም ከተፈጠረበት ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ቀለበቱን በቀዳዳው ውስጥ ያጣብቀዋል። ውጪው ዝጎ ውስጡ ናስ የሆነ ጓጉንቸር ብዙ ጊዜ ይድናል፤ በነጭ ጋዝ ዘፍዝፎ፣ አጥቦ፣ አድርቆ፣ ባለ ፒን ከሆነ ጥቂት የግራፋይት ዱቄት መጨመር ነው። የምግብ ዘይት ማድረግ ግን ከጊዜ በኋላ እንደ ሙጫ እየረጋ አቧራ ይሰበስባል።

ሌላው መክፈቻ የት አለ?

ከሁሉም የሚከብደው ጥያቄ ይህ ነው፤ ሚዛንም ሞረድም አይመልሰውም። ያገለገለ ጓጉንቸር ከአንድ መክፈቻ ጋር ሲሸጥ ሁለተኛው በሆነ ሰው ኪስ ወይም ሳጥን ውስጥ ሊኖር ይችላል። ከመሥሪያ ቤት የወጣ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። አለቃው በአንድ ዋና መክፈቻ ሁሉንም በሮች እንዲከፍት ተብሎ በየፒኑ ላይ ተጨማሪ መለያያ ይደረጋል። በአምስቱም ፒኖች ላይ አንድ አንድ ከተጨመረ ጓጉንቸሩ በሁለት መክፈቻ ብቻ ሳይሆን በ2×2×2×2×2፣ ማለትም በ32 የተለያዩ መክፈቻዎች ይከፈታል። በአንዳንድ ጓጉንቸሮች አካል ላይ የተቀረጸው ቁጥርም የመክፈቻው ልክ መለያ ስለሆነ፣ ያነበበው ሰው ሊያስቀርጽበት ይችላል።

ለሰብሳቢው ይህ ሁሉ ምንም ማለት አይደለም። እንዲያውም መክፈቻ የሌለውንና ማንም የማይፈልገውን ጓጉንቸር በርካሽ ገዝቶ በትዕግሥት ፈትቶ ያጠናዋል። ባለ መጋዘኑ ግን ሲሊንደሩን ሳያስለውጥ ወይም ፒኖቹን በቁልፍ ሠሪ ሳያስቀይር በእህል በር ላይ ሊሰቅለው አይገባም። ሊለወጥ መቻሉን ለማወቅ ጓጉንቸሩን ከፍቶ የቀለበቱ አጭር ጫፍ የሚገባበትን ቀዳዳ በባትሪ ማየት ነው፤ በብዙዎቹ ተፈታቾች ላይ ሲሊንደሩን የሚይዘው ብሎን የሚታየው እዚያ፣ ጓጉንቸሩ ክፍት ሲሆን ብቻ ነው። ብሎን ከሌለና አካሉ በሪቬት የተዘጋ ከሆነ ዋጋው የሚቆጠረው ለመጋዘኑ በር ሳይሆን ለሰብሳቢው መደርደሪያ ነው።