ሳይቃጠል በቅጠል

ምንባብ

አዲስ የሥራ ዘዴ በተፈለሰፈ ቁጥር ሕግ ዘግይቶ ይደርሳል፤ ሕግ አውጪ ገና ያላወቀውን ነገር ሊፈቅድም ሆነ ሊከለክል አይችልምና። በዚህ መካከል ባለው ጊዜ አደጋውን አስቀድሞ ሊያይ የሚችለው የሥራው ባለቤት ራሱ ነው።

የአሜሪካው ሳይንቲስት ፖል በርግ በ1971 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) አንድ ሙከራ አቅደው ነበር። ይኸውም በአይጥ መሰል እንስሳት ላይ ነቀርሳ የሚያስከትል ቫይረስን ዲ.ኤን.ኤ.፣ ማለት የዘር ውርስ የሚተላለፍበትን ንጥረ ነገር፣ በሰው አንጀት ውስጥ ከሚኖር የባክቴሪያ ዓይነት ጋር ማዋሐድ ነበር። ባክቴሪያው ከቤተ ሙከራ ቢያመልጥ ምን ይደርሳል የሚል ጥያቄ ከሙያ ባልደረቦቻቸው በተነሣ ጊዜ፣ በርግ ሙከራውን አቆዩት።

በሐምሌ ወር 1974 ዓ.ም. በርግና አሥር ባልደረቦቻቸው፣ አደገኛነታቸው ያልተመረመረ አንዳንድ ሙከራዎች ለጊዜው እንዲቆሙ ለዓለም ተመራማሪዎች ጥሪ አቀረቡ። የሚያስገድድ ሕግ፣ የሚቀጣም ዳኛ አልነበረም። ይሁን እንጂ ጥሪው ተከበረ። በየካቲት ወር 1975 ዓ.ም. ወደ 140 የሚጠጉ ሰዎች በካሊፎርኒያ ክፍለ ሀገር፣ አሲሎማር በተባለ ስፍራ ተሰብስበው መከሩ። አደጋው በጨመረ መጠን የቤተ ሙከራው ጥበቃ እንዲጠብቅ፣ ከቤተ ሙከራ ውጭ መኖር የማይችል ደካማ ባክቴሪያም እንዲመረጥ ተስማሙ። በሰኔ ወር 1976 ዓ.ም. የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋሞች ለምርምር ገንዘብ ለሚሰጧቸው ሁሉ መመሪያ አወጡ። ምርምሩም በጥንቃቄ ቀጠለ፤ በ1982 ዓ.ም. በባክቴሪያ አማካይነት የተሠራ ኢንሱሊን ለስኳር ሕሙማን ተፈቀደ።

ሆኖም በጎ ፈቃድ ብቻውን ሁልጊዜ አይበቃም። በ2015 ዓ.ም. በዋሽንግተን የተሰበሰቡ ሊቃውንት፣ የሚወለድን ልጅ ዲ.ኤን.ኤ. ለመለወጥ ጊዜው ገና መሆኑን አስታውቀው ነበር። ቻይናዊው ተመራማሪ ሄ ጂያንኩይ ግን ይህን ችላ ብሎ፣ ዲ.ኤን.ኤ.ያቸው በሽል ደረጃ የተነካ መንትያ ሕፃናት መወለዳቸውን በ2018 ዓ.ም. ገለጸ። በ2019 ዓ.ም. የአገሩ ፍርድ ቤት በሦስት ዓመት እስራት ቀጣው። ፍርዱ ግን በሕፃናቱ ላይ የተደረገውን ለውጥ ሊመልሰው አልቻለም።

ስለዚህ የባለሙያዎች ስምምነት የመጀመሪያው አጥር ነው፤ ፈጥኖ ይታጠራልና። ሕግ ደግሞ ሁለተኛው አጥር ነው፤ ቃሉን የማያከብር ሰው የሚታገደው በእርሱ ነውና።

መልመጃ

1. በርግ ሙከራቸውን ያቆዩት ለምንድን ነው?
2. የ1974ቱ ጥሪ ከሕግ የሚለየው በምንድን ነው?
3. «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ለምንባቡ ርእስ የተመረጠበትን ምክንያት አስረዱ።
4. የበጎ ፈቃድ ደንብ ያለ ሕግ ይበቃልን? ሐሳባችሁን በአንድ አንቀጽ ጻፉ።