የጢያን ትክል ድንጋዮች ለማየት ስንነሣ

ከወላይታ ሶዶ በሆሳዕናና በቡታጅራ አድርጎ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ ጢያ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። በዚያ ጥንታዊ ትክል ድንጋዮች ቆመዋል። ቁጥራቸው 36 ነው። ከነዚህ ውስጥ 32ቱ የተቀረጸ ምልክት አለባቸው። በብዙዎቹ ላይ ሰይፍ ይታያል። የእንሰት ቅጠል የሚመስል ምልክትም አለ። ይህ ምልክት እንሰት ተክሎ ለሚኖረው የወላይታ ገበሬ እንግዳ አይሆንበትም።

የአካባቢው ሰው «የግራኝ ድንጋይ» ይላቸዋል። አጥኚዎች ግን ከአህመድ ግራኝ ዘመን በፊት የቆሙ ናቸው ይላሉ። ከሥራቸው ተቆፍሮ የሰው አጽም ስለተገኘ፣ ቦታው መቃብር እንደነበረ ታውቋል። በ1972 ዓ.ም. ጢያና አክሱም በዓለም ቅርስነት ተመዘገቡ።

ይህን ቅርስ ማየት የሩቅ አገር እንግዳ ብቻ ዕድል አይደለም። ገበሬውም ተሰባስቦ ሊያየው ይችላል። ግን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል። ስለዚህ ከመነሣታችን በፊት እናስላ።

1. መንገዱ

ከሶዶ እስከ ሆሳዕና 100 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ከሆሳዕና እስከ ቡታጅራም እንደዚሁ ነው። ከቡታጅራ እስከ ጢያ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ድምሩ ወደ 240 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በየከተማው መኪና መለወጥ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ በአንድ ቀን ሄዶ፣ አይቶ መመለስ አይታሰብም። በመጀመሪያው ቀን በማለዳ ተነሥቶ ቡታጅራ ማደር ይሻላል። በማግስቱ ጠዋት ጢያ ይደረሳል። ስትመለሱ ከመሸባችሁ ሆሳዕና እደሩ። የመንገዱን ሰላምም አስቀድማችሁ ጠይቁ።

የእርሻ ሥራ የሚበዛበትን ወር ተዉት። በጊፋታና በመስቀል ሰሞንም መናኸሪያው ይጨናነቃል።

2. ትኬቱ

ትኬት የሚቆረጠው በመናኸሪያው ቢሮ ነው። «ና፣ እኔ ልቁረጥልህ» ለሚል ደላላ ገንዘብ አትስጡ። ትኬቱን እዚያው መስኮቱ ፊት ቆማችሁ አንብቡት። የምትሄዱበት ከተማ፣ ቀኑ፣ ሰዓቱና ዋጋው ትክክል ነው? ስሕተት ካለ ሳትርቁ አሳርሙ።

ሰዓት ብዙ ሰው ያሳስታል። የስልክ ሰዓት ብዙ ጊዜ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ጠዋት በፈረንጅ 7 ሰዓት ማለት በእኛ 1 ሰዓት ነው። 6 መቀነስ ነው። ይህን ያላወቀ ሰው መኪናው ከሄደ በኋላ መናኸሪያ ይደርሳል፤ ገንዘቡም ይቀልጣል።

ሌላም አለ። ጢያ የምትገኘው በጉራጌ ምድር፣ ሶዶ በሚባል ወረዳ ነው። ስለዚህ ስትመለሱ «ሶዶ» ብቻ አትበሉ፤ «ወላይታ ሶዶ» በሉ።

3. ገንዘቡ

የመኪና ዋጋ ይለዋወጣል። ስለዚህ ታሪፉን ጠይቃችሁ ጻፉ። ለመለማመጃ ያህል፣ የአንድ ሰው መሄጃ 500 ብር ቢሆን፣ ደርሶ መልሱ 1,000 ብር ነው። ለ10 ሰው 10,000 ብር ይሆናል። በዚህ ላይ የምግብ፣ የመኝታና የመግቢያ ይጨመራል። ለድንገተኛ ችግር የሚሆን መጠባበቂያም ያዙ። ገንዘብ ያዡን ምረጡ፤ ወጪውን ሌላ ሰው በደብተር ይመዝግብ።

4. ከቦታው ስትደርሱ

ቡኢን ካለፋችሁ በኋላ ጢያ ቅርብ ናት፤ «ጢያ ወራጅ አለ» ብላችሁ ለረዳቱ ንገሩ። የመግቢያ ስትከፍሉ ደረሰኝ ተቀበሉ። አስጎብኚውን ጠይቁ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም። ድንጋዩን አትፋቁ፤ አትደገፉት፤ ስም አትጻፉበት። መቃብር መሆኑን አትርሱ።

ፊደል ያልለየ ሰው ትኬቱን ለሌላ ሰጥቶ ያስነብባል፤ የተነገረውንም ያምናል። ያነበበ ግን የከፈለበትን ያውቃል። ትምህርት ከቤት ርቀን ስንሄድም ስንቅ ነው።

ጥያቄዎች

ሀ. ትኬት ስትቆርጡ ምን ምን ታነባላችሁ?
ለ. ጠዋት በፈረንጅ 8 ሰዓት በእኛ ስንት ሰዓት ነው?
ሐ. የአንድ ሰው ደርሶ መልስ 1,000 ብር ቢሆን፣ የ15 ሰው ስንት ይሆናል?
መ. በቀበሌያችሁ ሽማግሌዎች የሚያውቁት የቆየ ካብ፣ መቃብር ወይም ድንጋይ አለ? ጠይቃችሁ በደብተራችሁ ጻፉ።