ለራስ ሳይተርፍ ስለ መስጠት

ጥያቄ፦ አባቴ፣ በሱዳኗ ገዳሪፍ ሻይ እየሸጥኩ ልጆቼን አሳድጋለሁ። ከወድ መደኒ ጦርነት ሸሽታ የመጣች ሱዳናዊት ከነሕፃኗ ተጠግታኛለች። ለእኛው የማይበቃውን ማካፈል ግዴታዬ ነው?

መልስ፦ ልጄ፣ አዎ፣ ግን እንዳቅምሽ። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ያለው ሳምራዊ ቁስል አስሮ ብቻ አልሄደም። የቆሰለውን በራሱ አህያ ጫነው፣ ለማደሪያው ከኪሱ ከፈለ፣ ከመንገዱም ተስተጓጎለ። ዋጋ የማያስከፍል ፍቅር ወንጌሉ ውስጥ አላገኘሁም።

አንቺ ባለሽበት አካባቢም ይኸው ታይቷል። በኅዳር 2013 ዓ.ም. ከትግራይ ጦርነት የሸሹ ወገኖቻችን ተከዜን ተሻግረው የድንበር መንደር ሐምዳይት ሲደርሱ፣ ያላቸውን ምግብ ያካፈሏቸውና ቤታቸውን የከፈቱላቸው የመንደሩ ድሆች ነበሩ፤ ያውም ሙስሊሞች። ከስደተኞቹ ብዙዎቹ በኋላ የተወሰዱበት የኡም ራኩባ መጠለያ ጣቢያም በ1977ቱ ረሃብ ዘመን ወገኖቻችንን አስጠልሏል። ይህን ውለታ የምንከፍልበት ቀን ዛሬ ነው።

ልጆችሽን አስርበሽ ስጪ ግን አልልሽም። ጳውሎስም በ2ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 8 ሌላው እንዲያርፍ እናንተ ተጨነቁ አላለም። ገንዘብ ከሌለሽ እሳትሽን አጋሪያት። ከሰሉ ለሻይ ተያይዞ የለ? ለሕፃኑ የሚጠጣ ውሃ አፍዪለት፤ ኮሌራ በሚመላለስበት ከተማ ይህ ነፍስ ያድናል። ማኅበርተኞችሽንም ሳታፍሪ ንገሪያቸው፣ ሸክሙን ለብቻሽ አትያዥው። ሕፃኑን ተቅማጥ ከያዘው ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ቤት ውሰዱት።