ቆሞ በሚሠራ ሞተር ውስጥ ስለሚሰማ የመንኳኳት ድምፅ

በየዞኑና በየወረዳው የግብርናን ሥራ ለምትመሩ ክቡራን ሹማምንት የቀረበ ትምህርት።

ለመሥሪያ ቤት የተሰጠ ኦቶሞቢል ምርጥ ዘርንና የከብት ክትባትን ወደ ገበሬው የሚያደርስ ስለ ሆነ፣ ጤንነቱ ለሾፌሩ ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም። አብዛኛው የከብት ክትባት በጉዞ ላይ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ቅዝቃዜ ካልተጠበቀ ኃይሉን ያጣል። ስለዚህ ሞተሩ በመንገድ ላይ ነክሶ ቢቆም ጉዳቱ በብረቱ ላይ ብቻ አይቀርም፤ ከብቱን ሰብስቦ ሲጠባበቅ የዋለው ገበሬም ሳያስከትብ ይመለሳል። በሌላ ወገን ደግሞ ጥቂት ድምፅ በተሰማ ቁጥር ሞተር ማስከፈት የመንግሥትን ገንዘብ በከንቱ ማጥፋት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ቀና መንገድ ምርመራ ነው።

የዜማ መምህር ተማሪው ከግዕዝ ወደ ዕዝል ሲስት በጆሮው ብቻ እንደሚያውቀው ሁሉ፣ ሞተርን ከልብ ያደመጠ ሰውም የጤናውን ድምፅ ከሕመሙ ይለየዋል። ምሳሌ ይሆነን ዘንድ በብዙ መሥሪያ ቤቶች የሚገኘውን ባለ ስድስት ሲሊንደር የቶዮታ ላንድ ክሩዘር የናፍጣ ሞተር እንውሰድ። መኪናው ቆሞ ሳለ፣ መካኒኮች ሚኒሞ በሚሉት ዝቅተኛ ፍጥነት፣ ሞተሩ በደቂቃ 700 ጊዜ ያህል ይዞራል። በዚህ ጊዜ የዘይቱ ግፊት ዝቅ ስለሚልና ሌላው ጩኸት ስለሚቀንስ የላላ ነገር ሁሉ ጎልቶ ይሰማል። ሆኖም የናፍጣ ሞተር አየርን በኃይል ጨምቆ በማጋል ነዳጁን ያለ ካንዴላ ያቀጣጥላልና በተፈጥሮው ጥቂት ያንኳኳል፤ ይልቁንም በማለዳ ብርድ። እንግዲህ መጠርጠር የሚገባው ትናንት ያልነበረው ድምፅ ነው።

አንደኛ፤ ከሁሉ አስቀድሞ ሞተሩ ይጥፋ። መኪናው በደልዳላ መሬት ላይ ጥቂት ደቂቃ ከቆመ በኋላ የዘይቱ መለኪያ ዘንግ ወጥቶ ይጠረግ፤ እንደ ገና ገብቶም ይታይ። ዘይቱ ከታችኛው ምልክት በታች ከሆነ ሳይሞላ አይነሣ። ሞልቶም ሳለ የዘይቱ መብራት በርቶ ከቀረ፣ ሞተሩ ወዲያው ይጥፋ፤ መኪናው ተጎትቶ ይሂድ እንጂ አይነዳ።

ሁለተኛ፤ ድምፁ የሚሰማበት ጊዜ ይመርመር። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ተሰምቶ ሲሞቅ የሚጠፋ ድምፅ ብዙውን ጊዜ ከፒስቶን መላላት የሚመጣ ስለ ሆነ ፋታ ይሰጣል። ሞተሩ ሞቆ ዘይቱ ከቀጠነ በኋላ የሚብስ ከባድ ድምፅ ግን የሚዞሩት ብረቶች ማረፊያ መበላቱን ያመለክታልና አይናቅ።

ሦስተኛ፤ ማርሽ ሳይገባ ፍሪሲዮኑ ይረገጥ። ሲረገጥ የሚጠፋ ድምፅ ከካምቢዮ ወገን ነው፤ ሲረገጥ የሚጀምር ድምፅ ከፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ ነው። በሁለቱም ምክንያት ሞተር አይከፈትም።

አራተኛ፤ ሞተሩ ጠፍቶ ከበረደ በኋላ ማርሚታውና ሙቀትን የሚከልሉት ቀጫጭን ቆርቆሮዎች በመዳፍ ይመቱ። የሚንቀጫቀጭ ቆርቆሮ ቢገኝ መድኃኒቱ አንድ ብሎን ማጥበቅ ሊሆን ይችላል።

አምስተኛ፤ ሞተሩ እንደ ጠፋ በውጭ ያሉት ቺንጋዎች ይፈቱና ከአንድ ደቂቃ ለማይበልጥ ጊዜ ሞተሩ ይነሣ። ውሃውን የሚያዘዋውረው ፓምፕ ሊቆም ስለሚችል ከዚህ ማስበለጥ አይገባም። ድምፁ ከጠፋ ጥፋቱ የሚገኘው በዲናሞው፣ በውሃው ፓምፕ ወይም በቺንጋው መወጠሪያ ነው።

ስድስተኛ፤ ድምፁ ከውስጥ መሆኑ ከታወቀ፣ ቺንጋዎቹ ተመልሰው ይታሰሩና የረጅም ካቻቢቴ ጫፍ በሞተሩ አካል ላይ፣ እጀታው በጆሮ ላይ ተደርጎ ይደመጥ። ነጠላና የልብስ እጅጌ ከሚዞረው ማራገቢያ ይራቅ። ቫልቮች ሞተሩ ሁለት ጊዜ ሲዞር አንድ ጊዜ ብቻ ይከፈታሉ፤ ስለዚህ በ700 ዙር አንዱ ቫልቭ በደቂቃ 350 ጊዜ፣ ማለት በሰከንድ ስድስት ጊዜ ያህል ይመታል። ከላይ የሚሰማ፣ ቀጭንና እኩል የሆነ ምት የቫልቭ ክፍተት መስፋትን ያሳያል፤ ተለክቶም ይስተካከላል። ከታች የሚሰማ፣ ወፍራምና ነዳጅ ሲሰጠው የሚበረታ ምት ግን የቢየላ ሕመም ነውና መኪናው ከዚያ ቦታ አይንቀሳቀስ።

ጥፋቱ ያለበትን ሲሊንደር ለመለየት ብሎ የነዳጁን ቱቦ የሚፈታ መካኒክ አለ። በኮምፒዩተር በሚታዘዙት አዳዲስ የናፍጣ ሞተሮች ላይ ይህን ማድረግ አይገባም፤ በቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ከ1,000 ባር በላይ ስለሚደርስ ነዳጁ ሥጋን ይበሳል።

በመጨረሻም፣ ሾፌር አዲስ ድምፅ ሰማሁ ብሎ ሲያመለክት ሹሙ ጉዞው አስቸኳይ ነው በማለት አያስገድደው፤ ክትባቱን በሌላ መኪና ያስተላልፍ። ቀኑን፣ የተጓዘውን ኪሎ ሜትር፣ የዘይቱን ልክ፣ ድምፁ በብርድ ወይም በሙቀት መሰማቱን፣ በፍሪሲዮንና በቺንጋ ምርመራ የታየውን ሁሉ በወረቀት ጽፎ ከመኪናው ጋር ወደ ጋራዥ ይላክ። ይህ የተጻፈለት መካኒክ በግምት ሞተር አይከፍትም፤ የከፈተም እንደ ሆነ ምክንያቱን ለመጠየቅ ሹሙ ማስረጃ ይኖረዋል። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለእንደዚህ ያለው ነገር ነው።